ዘሩ አንድ፣ መሬቱ ልዩ ልዩ

ክትባት በአንዱ አገር ልጅ ላይ በርትቶ በሌላው አገር ልጅ ላይ ስለሚላላበት ምክንያት



ባለፈው ጥቅምት ወር ደሴ ከተማ ለክርስትና ተጠርቼ ነበር። ሰማንያ ቀን የሞላት ሕፃን በማለዳ ተጠምቃ ቅዱስ ቁርባን ከተቀበለች በኋላ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ በአያቷ ቤት ለምሳ ተሰበሰበ። የሕፃኒቱ እናት ቀድሞ በትምህርት ቤት ያስተማርኋት ልጅ ናት፤ ዛሬ ትዳር ይዛ በኮምቦልቻ ትኖራለች። ታላቅ እኅቷ ግን ከእናታቸው ጋር በደሴ ቀርታለች። ማዕዱ ከተነሣ በኋላ፣ «የሕፃኒቱ ክትባት እንዴት ሆነ?» ብዬ ብጠይቃት አንገቷን ደፍታ እንዲህ ስትል መለሰችልኝ፦

«መምህር፣ አይቆጡኝና እርሷን አላስከትብም። የመጀመሪያው ልጄና የእኅቴ ልጅ በአንድ ሰሞን ተወለዱ፤ ያንኑ የተቅማጥ መከላከያ ጠብታ ወሰዱ። የእኅቴን ልጅ አንድ ቀን እንኳ ሆዱን አላመመውም። የእኔ ልጅ ግን ዓመት ሳይሞላው በተቅማጥ ደርቆ ሁለት ሌሊት ግሉኮስ ተሰክቶለት አደርን። ባለቤቴም በውጭ አገር ከሚኖረው ወንድሙ የሰማውን ሲነግረኝ፣ ይህ ክትባት በፈረንጅ ልጅ ላይ ከመቶ ዘጠናውን ሲያድን በጥቁር ልጅ ላይ ግማሹን እንኳ አያድንም ይላል። እንግዲያስ መድኃኒቱ የተሠራው ለእነርሱ ደም ነው፤ ለእኛ ደም አይሆንም።»

የቤቱ ሰው ሁሉ ዝም አለ። አያቲቱም መልስ እንድሰጥ ፈልገው ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔም ለጊዜው፣ «ልጄ፣ የእኅትሽ ልጅ ደምስ የማን ደም ነው? ሁለታችሁን ያጠባች አንዲት እናት አይደለችምን?» አልኋት። እርሷም ፈገግ አለች እንጂ አልተረታችም። አለመረታቷም መልካም ነው፤ ከተናገረችው ነገር ግማሹ እውነት ነውና፣ ግማሽ እውነት ደግሞ በአንዲት ጥያቄ አይመለስም። ስለዚህ የዚህ ወር ገጽ ለእርሷና እንደ እርሷ ለሚያስቡ ወላጆች ሁሉ መልስ ይሆን ዘንድ አሰብሁ።

እውነቱን ከመካድ አንጀምር

አንድ ዓይነት ክትባት በልዩ ልዩ አገር ልጆች ላይ ልዩ ልዩ ኃይል እንዳለው ሐኪሞች ራሳቸው መርምረው የጻፉት ነገር ነው እንጂ የሐሜት ወሬ አይደለም። ሮታ ቫይረስ ከሚባለው፣ ብርቱ ተቅማጥ ከሚያመጣው ጀርም የሚከላከለውን ጠብታ እንውሰድ። ይህ ክትባት በአገራችን ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2006 ዓ.ም. ነው። በአውሮፓ በተፈተነ ጊዜ፣ ከብርቱ ሕመም የሚሰጠው መከላከያ ከ100 ከ90 በላይ ሆኖ ተገኝቶ ነበር። የአፍሪካው ፈተና ውጤት እ.ኤ.አ. በ2010 ሲታተም ግን በደቡብ አፍሪካ 77፣ በማላዊም 49 ብቻ ሆነ። ከመቶ ይህን ያህል ማለት፣ ክትባቱ ባይኖር በብርቱ ይታመሙ ከነበሩት ከ100 ሕፃናት ይህን ያህሉ ዳኑ ማለት ነው።

ቢሲጂ የተባለው የነቀርሳ ክትባት ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። ካልሜትና ጌረን የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሊቃውንት አዘጋጅተውት፣ እ.ኤ.አ. በ1921 በፓሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕፃን ተሰጠ። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ በወጣቶች ላይ ሲፈተን ከ100 ወደ 80 የሚጠጉትን ጠበቀ። በደቡብ ሕንድ በቺንግልፑት አውራጃ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ከ200,000 በላይ ሰዎች በተካፈሉበት ፈተና ግን፣ ዐዋቂዎችን ከሳንባ ነቀርሳ በመጠበቅ ረገድ ያስገኘው ጥቅም ከምንም የማይቆጠር ሆነ። ክትባቱ ስሙም ዓይነቱም አንድ ነው፤ ፍሬው ግን እንዲህ ተለያየ።

እንግዲህ የእናቲቱ ባል የሰማው ነገር መሠረት አለው። ስሕተቱ ያለው ከዚያ ቀጥሎ በመጣው ቃል ላይ ነው፤ ይኸውም «ለእኛ ደም አይሆንም» በሚለው።

ፈንጣጣ ምን ይመሰክራል?

ምክንያቱ ደም ቢሆን ኖሮ የፈንጣጣን ነገር እንዴት እንፈታዋለን? አባቶቻችን ፈንጣጣን ለመከላከል ከበሽተኛው ቁስል ፈሳሽ ወስደው የጤነኛውን ክንድ በጥተው ያስገቡለት ነበር። ይህም ዘዴ ብዙዎችን ቢያድንም አንዳንዱን ለሞት አሳልፎ ይሰጥ፣ በሽታውንም ወደ ጎረቤት ያዛምት ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር እ.ኤ.አ. በ1796 ከላም ፈንጣጣ ያገኘው ክትባት ግን ይህ አደጋ አልነበረበትም። ፈንጣጣን ከአገራችን የማጥፋቱ ሥራ በ1963 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ ከታሚዎች ተራራውንና በረሃውን በእግርና በበቅሎ ዞረው፣ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ምድር የመጨረሻው በሽተኛ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ፈንጣጣ ያመመው ሰው በኢትዮጵያ አልታየም። ያ ክትባት የፈረንጅ ፈጠራ ነበር፤ ነገር ግን በእንግሊዙ ክንድ ላይ እንደ ያዘ በወሎውም ገበሬ ክንድ ላይ ያዘ።

ለእናቶች የሚሰጠው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም እንዲሁ ነው። ስንት አራስ ቤት ጨቅላ ሕፃን የቀሠፈው ይህ በሽታ፣ በአገራችን ብርቱ የጤና ሥጋት ከመሆን እንደ ወጣ እ.ኤ.አ. በ2017 ተረጋግጦአል። ደማችን ክትባትን የማይቀበል ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

ታዲያ ለአንዱ ክትባት እኩል የሆነው ሰውነት ለሌላው ለምን ይለያያል? በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ያደገ ሁሉ የዘሪውን ምሳሌ ያውቃል። ዘሪው አንድ ነበር፤ ዘሩም አንድ ነበር። ከመንገድ ዳር፣ ከጭንጫ፣ ከእሾህ መካከልና ከመልካም መሬት ላይ የወደቀው ግን ፍሬው ልዩ ልዩ ሆነ። የክትባትም ነገር እንዲሁ ነው፤ መሬቱ የልጁ ሰውነት ሲሆን፣ ያን መሬት እንዲህ ወይም እንዲያ የሚያደርገው ልጁ የሚጠጣው ውሃ፣ የሚረግጠው አፈር፣ በሆዱ የተሸከመው ትልና የተከተበበት ዕድሜ ነው። እያንዳንዱን በየተራ እንመልከት።

ከዘሩ ቀድሞ የበቀለው

የነቀርሳ ጀርም በአፈርና በውሃ ውስጥ የሚኖሩ፣ በብዛት ሰውን የማይጎዱ ብዙ ዘመዶች አሉት። በሞቃት አገር በባዶ እግሩ የሚሮጥ፣ ከምንጭና ከኩሬ የሚጠጣ ልጅ ከእነዚህ ጋር ገና በጠዋቱ ይተዋወቃል። ሰውነቱም በእነርሱ ምክንያት የነቀርሳን መልክ በከፊል መለየት ይጀምራል። እንዲህ ያለው ልጅ ካደገ በኋላ ቢሲጂ ቢሰጠው፣ ትምህርቱን አስቀድሞ በወሬ እንደ ሰማ ተማሪ ይሆናልና ክትባቱ የሚጨምርለት ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት የማላዊንና የእንግሊዝን ወጣቶች ጎን ለጎን አስተያይቶ ነበር። ከማላዊዎቹ የብዙዎቹ ሰውነት ገና ሳይከተብ ለነቀርሳ ጀርም መልስ ሲሰጥ ተገኘ፤ በእንግሊዞቹ ላይ ግን መልሱ በጉልህ የታየው ከተከተቡ በኋላ ነው።

ከዚህ የምንማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ቢሲጂ ገና ከአፈሩ ጋር ላልተዋወቀ ጨቅላ ሲሰጥ፣ የነቀርሳ ማጅራት ገትር ከተባለውና በመላው ሰውነት ከሚሠራጨው ነቀርሳ ይጠብቃል፤ ይህም ጥቅሙ በሕንድም፣ በአፍሪካም፣ በአውሮፓም ታይቶአል። እንግዲህ ልጁ በተወለደ ሰሞን ይከተብ መባሉ የሐኪም ችኮላ አይደለም። አረሙ ሳይቀድም ዘሩን መዝራት ነው።

በሆድ ውስጥ የሚኖሩት እንግዶች

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ የወረደ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ጋቢውን እንደሚያወልቅ ሁላችንም እናውቃለን። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ ግን በ1,850 ሜትር ያህል ላይ ናት። በዚህ የከፍታ ልዩነት ምክንያት ብዙ ነገር ይለወጣል። ወባ በአገራችን ዘወትር የምትበረታው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። የብልሃርዚያን ትል የሚያሳድገው ቀንድ አውጣ ሞቅ ያለ ውሃ ይወዳል እንጂ የደጋው ብርድ አይስማማውም። መንጠቆ ትልም ሞቃትና እርጥብ አፈር ይሻል። ወስፋት ግን ደጋ ቆላ አይመርጥም፤ መጸዳጃ በጎደለበትና እጅ ባልታጠበበት ሁሉ አለ። ስለዚህ የደሴ ሰው በከፍታው አይመካ።

እነዚህ ትሎች በሰው ሆድና ደም ሥር ለዓመታት ይቀመጣሉ። እንዳይባረሩም የቤቱን ዘበኛ፣ ማለት ሰውነታችን በሽታን የሚከላከልበትን ኃይል፣ በአንድ ወገን ያለዝቡታል፣ በሌላ ወገን ደግሞ ያለ ዕረፍት ያደክሙታል። የክትባት ሥራ ደግሞ የጠላትን መልክ ለዚህ ዘበኛ ማሳየት ነው። የዛለ ዘበኛ የታየውን መልክ በትጋት አያጠናም።

ይህን በአገራችን የመረመሩ አሉ። የኢትዮጵያና የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ትላትል ካለባቸው ኢትዮጵያውያን ለአንደኛው ወገን የትል መድኃኒት፣ ለሁለተኛው ወገን መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ከሰጡ በኋላ ሁሉንም ቢሲጂ ከተቡ። ትሉ የተወገደላቸው ሰዎች ሰውነት ለክትባቱ የሰጠው መልስ ከሌሎቹ በርትቶ ተገኘ። ደማቸው አንድ፣ አገራቸው አንድ፣ ክትባታቸው አንድ ነበር፤ የተለያዩት በትሉ ብቻ ነው። ነገር ግን ለእውነት ስንል ይህንንም እንጨምር፤ በኡጋንዳ በኢንቴቤ እርጉዞች የትል መድኃኒት ቢወስዱም፣ የወለዷቸው ሕፃናት ለክትባት የሰጡት መልስ ከሌሎቹ ሳይለይ ቀርቶአል። እንግዲህ ትል ከምክንያቶቹ አንዱ እንጂ ብቸኛው ምክንያት አይደለም።

ወባም የራሷ ድርሻ አላት። በወባ ትኩሳት ላይ ያለ ልጅ ለአንዳንድ ክትባት የሚሰጠው መልስ እንደሚደክም ከታወቀ ቆይቶአል።

በአፍ ለሚሰጠው ጠብታ ለምን ይብሳል?

ልዩነቱ በጎላ ሁኔታ የሚታየው በመርፌ ከሚሰጠው ክትባት ይልቅ በአፍ በሚሰጠው ላይ ነው። ጠብታው ሥራውን የሚጀምረው አንጀት ውስጥ ነውና። ንጹሕ ውሃ በጎደለበት ቤት የሚያድግ ሕፃን አንጀት በልዩ ልዩ ጀርም የተጨናነቀ፣ ተደጋግሞ በመጣ ተቅማጥም የቆሰለ ይሆናል። ጠብታው በዚያ መካከል ቦታ አግኝቶ እስኪያዝ ድረስ ይቸገራል። ከእናት የወረሰው መከላከያም ጠብታውን እንደ ጠላት ቆጥሮ በከፊል ሊመልሰው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ «እንግዲያው በክትባቱ ቀን ጡት ልከልክለው» የምትል እናት እንዳትኖር። ለጥቂት ጊዜ ጡት መከልከል ይጠቅም እንደ ሆነ ተፈትኖ ጥቅም አልተገኘበትም፤ ጡት ማጥባት ግን ራሱ ትልቅ ጋሻ ነው።

እናቶች፣ «ባለፈው ወር የልምሻ ጠብታ ሰጥታችሁት አልነበረምን? ዛሬ ደግሞ ምን ልታደርጉ መጣችሁ?» ብለው ቤት ለቤት የሚዞሩትን ሲቈጡ እሰማለሁ። መልሱ እዚሁ ነው። በደቡብ ሕንድ በቬሎር ከተማ ያሉ ሐኪሞች፣ ሦስት ጊዜ ጠብታ ከወሰዱት ሕፃናት መካከል ብዙዎቹ መከላከያ እንዳላገኙ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አወቁ። በሀብታሞቹ አገሮች የበቃው ቍጥር ለዚያ አገር አንጀት አልበቃም። ሐኪሞቹም ሕዝቡን አልተዉም፤ ጠብታውን ደጋገሙት እንጂ። ሕንድም በተፈጥሮው የፖሊዮ ቫይረስ የተያዘውን የመጨረሻውን ሕፃን ያየችው እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ነው። አፍሪካም በነሐሴ 2020 ከዚሁ ቫይረስ ነጻ ተብላለች። ደጋግሞ መምጣት የሥራው ስሕተት ሳይሆን ሥራው ራሱ ነበር።

የእናት ስንቅና የማቀዝቀዣው ነገር

ሕፃን ከእናቱ ማኅፀን ሲወጣ የእናቱን መከላከያ ለጥቂት ወራት እንደ ስንቅ ይዞ ይወጣል። ይህ ስንቅ ሳያልቅ የኩፍኝ ክትባት ቢሰጠው ስንቁ ክትባቱን ይመልሰዋል። ኩፍኝ ብዙ በማይታይበት አገር ክትባቱን ዓመት እስኪሞላው ያቈዩታል፤ በእኛ አገር ግን ሕፃኑ ዓመት ሳይሞላው ኩፍኝ ሊቀድመው ስለሚችል በ9 ወሩ ይሰጠዋል። በ9 ወራቸው ከተከተቡት ከ100 ልጆች ወደ 85 የሚሆኑት፣ ዓመት ከሞላቸው በኋላ ከተከተቡት ደግሞ ወደ 95 የሚሆኑት መከላከያ ያገኛሉ። የቀሩትም እንዲያገኙ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ15 ወር ይሰጣል። ሁለተኛውን የሚዘነጉ ወላጆች ብዙዎች ናቸው፤ ልጁ መሄድ ሲጀምር ካርዱ ይረሳልና።

ከሰውነት ውጭ ያለ ምክንያትም አለ። ክትባት ከፋብሪካው ጀምሮ እስከ ልጁ ክንድ ድረስ ቅዝቃዜው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ተጠብቆ መጓዝ አለበት። ሙቀት የሚያበላሸው አለ፤ በረዶ የሚያበላሸውም አለ። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ጦርነቱ በደሴና በኮምቦልቻ በነበረ ጊዜ የጤና ተቋሞች ተዘርፈው የክትባት ሥራ መቋረጡን የማያስታውስ የለም። ክትባት ሳይሰጥ ሲቀር ወይም ተበላሽቶ ሲሰጥ፣ ጥፋቱ የልጁ ሰውነት አይደለም።

ደሙ ያው፣ አገሩ ሌላ

ለዚህ ሁሉ የማያዳግም ምስክር የሚሆኑን ከእኛው ምድር የወጡ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በሁለት ቀን ጊዜ ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተወሰዱ። በ1990ዎቹ ዓመታት የዚያ አገር ሐኪሞች አዲስ የመጡትን ኢትዮጵያውያን ሲመረምሩ፣ የመከላከያ ኃይላቸው ያለ ዕረፍት ሲታገል የኖረና ለአዲስ ነገር መልስ ለመስጠት የዛለ ሆኖ አገኙት። ይህም የበረታው ትላትል ባለባቸው ላይ ነበር። የትል መድኃኒት ሲሰጣቸውና በአዲሱ አገር ሲቈዩ ግን ኃይላቸው ወደ መልካም ተመለሰ። የአባቶቻቸውን ደም አልቀየሩም፤ የተለወጠው ውሃውና አፈሩ ነው።

የዘር ውርስ ድርሻ የለውም ማለቴ አይደለም። በጋምቢያ መንትዮች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ልጅ ለክትባት በሚሰጠው መልስ ውስጥ ውርስ ድርሻ አለው። ነገር ግን ይህ በአንድ መንደር ባሉ ልጅና ልጅ መካከል ያለ ልዩነት ነው፤ «ክትባቱ ለፈረንጅ ይሆናል፣ ለሐበሻ አይሆንም» ለማለት አያበቃም። በእኛ በወሎ ክርስቲያኑና እስላሙ ከአንድ ምንጭ እየቀዱ፣ በአንድ ገበያ እየዋሉ ይኖራሉ። የጎረቤታሞቹ ልጆች አንድ ዓይነት ውሃ ከጠጡና አንድ ዓይነት አፈር ከረገጡ፣ በዚህ ነገር ዕድላቸውም አንድ ነው።

ግማሽ ጣራ ምን ይጠቅማል?

እናቲቱ ግን፣ «ለውጡ ከየትም ይምጣ፤ ግማሹን ብቻ የሚያድን ክትባት ምን ያደርግልኛል?» ትለኝ ይሆናል። እዚህ ላይ የሒሳብ መምህር ልሁንና ላስረዳ። በዚያው እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው የሮታ ፈተና፣ ክትባቱ ለደቡብ አፍሪካ 77፣ ለማላዊ 49 ከመቶ ነበር ብለናል። ነገር ግን ከብርቱ ሕመም የዳኑትን ሕፃናት በቍጥር ስናሰላ፣ በደቡብ አፍሪካ በዓመት ከየ100 ሕፃናት 4 ያህል ሲሆኑ በማላዊ ግን ወደ 7 ይጠጋሉ። ኃይሉ ያነሰው ክትባት ብዙ ሕፃናትን አዳነ! ምክንያቱም በማላዊ በሽታው ይበልጥ ይበዛ ስለ ነበር ነው። ዶፍ በሚወርድበት አገር ያለ ግማሽ ጣራ፣ ካፊያ ብቻ በሚያካፋበት አገር ካለ ሙሉ ጣራ የበለጠ ውሃ ይመልሳል። ግማሽ ነው ብሎ ጣራውን የሚያፈርስ ሰው በዶፉ ውስጥ ይቀራል።

የልጇን መታመምም በትክክል እንመዝነው። ተቅማጥ የሚያመጣ ጀርም ብዙ ነው፤ ጠብታው የሚከላከለው ግን ሮታን ብቻ ነው። አንድ ልጅ ታሞ አንድ ልጅ ጤነኛ ስለ ሆነም በክትባቱ ላይ ፍርድ መስጠት አይቻልም፤ ሊቃውንቱ በሺህ የሚቈጠሩ ሕፃናትን የሚመረምሩት ስለዚህ ነው።

በቤታችን ምን እናድርግ?

ጥሩ ገበሬ መሬቱ ጭንጫ ነው ብሎ ዘር መዝራቱን አይተውም፤ ድንጋዩን ይለቅማል፣ እሾሁን ይነቅላል፣ ደጋግሞ ያርሳል። እኛም እንዲሁ እናድርግ።

አንደኛ፣ ክትባቱን በቀኑ እንጀምር፣ ቍጥሩንም እንፈጽም። ቢሲጂና የመጀመሪያው የልምሻ ጠብታ በተወለዱ ጊዜ፤ ቀጥሎ በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንት፤ የኩፍኙም በ9ና በ15 ወር ነው። መሬቱ ለሚያዳግተው ሰው ከሁሉ ይልቅ ድግግሞሹ ያስፈልገዋልና፣ በመካከል ማቋረጥ የሚጎዳው እኛን ነው።

ሁለተኛ፣ ትልን ከቤታችን እናስወጣ። አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ ነበር፤ ሐሳባቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን የኮሶ መድኃኒትነት ጥሬ ሥጋ ለሚያመጣው ለኮሶ ትል ነው። ለወስፋትና ለመንጠቆ ትል ሌላ ክኒን አለ፤ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ በአገር አቀፍ ዘመቻ በየትምህርት ቤቱ ሲታደል ቈይቶአል። ልጆቻችንን ከዚያ ቀን አናስቀራቸው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን በራሳችሁ ፈቃድ የትል መድኃኒት አትስጡ።

ሦስተኛ፣ ውሃ አፍልተን ወይም አክመን እንጠጣ፤ መጸዳጃ ቤት እንቈፍር፤ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ፤ ልጆቻችን ጫማ ያድርጉ። ይህ ሁሉ ስለ ንጽሕና ብቻ የሚነገር ምክር ሲመስለን ኖሮአል፤ እነሆ የክትባቱም ማዳበሪያ ሆኖ ተገኘ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጊዜው ሳያልፍ እናድርገው።

አራተኛውን ለክርስቲያን ቤተ ሰብ ለይቼ እናገራለሁ። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅም በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ስድስት ሳምንት ማለት አርባ ሁለት ቀን ነው፤ ስለዚህ የወንዱ ልጅ ክትባት ከጥምቀቱ ቀጥሎ ይመጣል። የሴቲቱ ልጅ ግን ሰማንያ ቀን እስኪሞላ እናቲቱ ከቤት አልወጣም ካለች፣ የስድስተኛውና የዐሥረኛው ሳምንት ክትባት ሁለቱም ያልፋል። የዚያችንም ሕፃን ካርድ አስመጥቼ ባየሁት ጊዜ፣ ከተወለደች ዕለት ክትባት በቀር የተጻፈበት አልነበረም። ሴት ልጆቻችን ባላወቅነው ምክንያት ከወንድሞቻቸው ወደ ኋላ ይቀራሉ ማለት ነው። የአርባና የሰማንያ ቀን ሥርዓት ወደ ቤተ ክርስቲያን መግባትን የሚመለከት ነው እንጂ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድን አይከለክልም። እናቲቱ ከደከመችም አባት ወይም አያት ሕፃኒቱን ታቅፎ ይሂድ፤ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትጠራ። ቀኑ ያለፈም ቢሆን ተስፋ አይቈረጥ፤ ካርዱን ይዞ መሄድና ከቀረበት መቀጠል ይቻላል።

ይህን ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ልልክ ስል አያቲቱን ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ አገኘኋቸውና የሕፃኒቱን ነገር ጠየቅኋቸው። «ከሰማንያው ቀን በኋላ በሳምንቱ እኔው ራሴ ኮምቦልቻ ወርጄ ወሰድኋት፤ የመጀመሪያውን ተከተበች። ሁለተኛው በአራት ሳምንቱ ነው ብለውኛል፤ እናቷ ዛሬም አልተዋጠላትም፤ ግን እወስዳታለሁ ብላለች» አሉኝ። እኔም ይህን መጽሔት ለልጃቸው እንዲያደርሱልኝ አደራ አልኋቸው። አንብባ የሚቀራት ጥያቄ ቢኖር እንደ ተማሪነቷ ዘመን እጇን አውጥታ ትጠይቀኝ።

እግዚአብሔር ልጆቻችሁን በጤና ያሳድግላችሁ፤ አሜን።